የመፍቻ ትዕዛዝ ያልፈጸመ ፖሊስ በማን ፊት ይጠየቃል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጠያቂዋ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ ከሥራ ቦታው ተይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ፤ ፍርድ ቤት የቀረበው ግን በተያዘ በ6ኛው ቀን ነው። ችሎቱ ለፖሊስ ሁለት ጊዜ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጠርጣሪውን አስሮ ምርመራውን የሚቀጥልበት ተጨማሪ ጊዜ፣ ከፈቀደ በኋላ በ20 ሺህ ብር ዋስ እንዲወጣ አዘዘ። ቤተሰቡ ገንዘቡን በዚያው ዕለት አስይዞ የመፍቻ ትዕዛዙን ለጣቢያው ቢያደርስም፣ ጣቢያው «ሌላ ቦታ ይፈለጋል» በማለት ሰውየውን ወደ ሌላ ጣቢያ አስተላለፈው። በዚያም 11 ቀን ከቆየ በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት፣ ዳግመኛም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ «ሂድ» ተብሎ ተለቀቀ። እህቱ የሚጠይቁት፣ ይህን ያደረገው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ አለ ወይስ በሰላም ስለወጣ ፈጣሪን አመስግኖ ዝም ማለት ይሻላል የሚለውን ነው።

መንገድ አለ፤ ያውም ከአንድ በላይ። ሆኖም እያንዳንዱ መንገድ የሚፈልገው ማስረጃ የተለያየ ነው፤ የሚዘጋበትም ጊዜ እንዲሁ። በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ በአገራችን የፖሊስና የማረሚያ ቤት ተጠያቂነት ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው የሕግ አንቀጽ ጠፍቶ ሳይሆን «ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት» የሚለው በወረቀት ላይ ሳይሰፍር በመቅረቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙ አንቀጽ ብጠቅስም፣ እርስዎ በእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር የትኛው ወረቀት በእጅዎ ሊኖር እንደሚገባ እያሰቡ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

በወንድምዎ ላይ የተፈጸሙት ጥፋቶች ሦስት ናቸው፤ ለየብቻ መታየትም አለባቸው፤ ምክንያቱም የሦስቱም ተጠያቂዎች አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መዘግየቱ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚህ ስሌት የሚቀነሰው ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ቅናሽ የታሰበው መኪና በማይገባበት ወረዳ ለተያዘ ሰው እንጂ ከችሎቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ለተያዘ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ይቀነሳሉ የሚል ቃልም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ተረኛ ችሎት የሚሰየመውም ለዚሁ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 29 ይህንኑ የ48 ሰዓት ገደብ ከሕገ መንግሥቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ አስፍሮታል፤ ስለዚህ ማንም መርማሪ ፖሊስ ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ ነው ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። ፖሊስ ተጠርጣሪውን በ6ኛው ቀን አቅርቦ የ14 ቀን ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛው ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መዘግየቱ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ «ፍርድ ቤት አውቆት ነው» በሚል መልስ ይዘጋል። ይህን አልቀበለውም። የጊዜ ቀጠሮ ትዕዛዝ ሥልጣን የሚሰጠው ትዕዛዙ ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን አራት ሕገ ወጥ ቀናት ወደ ኋላ ተመልሶ ሕጋዊ አያደርጋቸውም። የአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4ም የተያዘው ሰው በጊዜው ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ አካሉን ነፃ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብት ሲሰጠው፣ መብቱ ሊጣስ የማይችል መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ዳኛው ተጠርጣሪው ፊታቸው ሲቆም ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው «መቼ ነው የተያዝከው?» የሚለውን ነው። መልሱም በችሎቱ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት። ወንድምዎ በዚያ ቀን ይህን ተናግሮ ከሆነ፣ ቃሉ በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ግልባጩን አውጥተው ይመልከቱ።

የተያዘበት ቀን ራሱ የሚያከራክርበት ጊዜም አለ። ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የፖሊስ ማመልከቻ ላይ የሚጻፈው የተያዘበት ቀን ከእውነተኛው ቀን ዘግይቶ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሰው ወደ ማረፊያ ክፍል ሲገባ ቀበቶው፣ የጫማው ክር፣ ስልኩና በኪሱ ያለው ገንዘብ ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ ገቢ ያደረገው ፖሊስና ንብረቱን ያስረከበው ታሳሪ ይፈርማሉ። ያ ትንሽ ወረቀት ወይም የመዝገብ መስመር ቀን አለው። የዕቃው ዝርዝር ሲፈታ ተመላሽ ሲደረግለት የፈረመበት ከሆነ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ቤተሰብ ምግብ ሲያስገባ በበሩ ላይ የሚመዘገብበት ጣቢያ ከሆነም ያ መዝገብ ሌላ ምስክር ነው። ወንድምዎ ከሥራ ቦታው ስለተያዘ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ የትኛው ቀን ላይ እንደቆመ ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ለፍርድ ቤት የሚቀርቡ ማስረጃዎች ናቸው፤ የሚጠቅሙት ግን ጊዜ ሳያልፍ ሲሰበሰቡ ነው፤ የጣቢያ መዝገብ ለዘላለም አይቀመጥምና።

ስለ ሁለቱ የጊዜ ቀጠሮዎች ብዙ አልልም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። በ2012 ዓ.ም. የተሻረው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንድ ጊዜ 28 ቀን ይፈቅድ ስለነበር በትክክል ተወቅሷል፤ ሆኖም ድምሩ ከ4 ወር እንዳያልፍ ገደብ ነበረው። መደበኛው ሕጋችን ይህ ገደብ እንኳ የለውም፤ ጥበቃው በሙሉ የተጣለው በዳኛው ላይ ነው። ዳኛው በሁለተኛው ቀጠሮ «ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራችሁ?» ብለው ካልጠየቁና መልሱን በመዝገብ ላይ ካላሰፈሩ፣ ሕጉ የሰጠው ጥበቃ በተግባር የለም ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከበደው ጥፋት የመፍቻ ትዕዛዙ አለመፈጸሙ ነው። በዚህ ላይ ቆም ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መዘግየትን በሥራ ብዛት፣ ረጅም ምርመራን በጉዳዩ ውስብስብነት ማሳበብ ይቻል ይሆናል፤ ዳኛ «ይፈታ» ብሎ ከፈረመ በኋላ ሰውን ይዞ ማቆየት ግን ማሳበቢያ የሌለው ነገር ነው። ፖሊስ የፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ አይደለም። በዋስትናው ላይ ቅሬታ ካለ ዐቃቤ ሕግ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ ማምጣት አለበት፤ እግዱ በእጅ እስካልገባ ድረስ «ይግባኝ ልንል ነው» የሚለው ቃል ሰውን ለአንድ ሌሊት እንኳ ለማሳደር አያበቃም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባለፉት ዓመታት ባወጣቸው መግለጫዎች ይህንኑ ድርጊት፣ ማለትም ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዘላቸውን ሰዎች አለመልቀቅን፣ ደጋግሞ ኮንኗል። ከነገሩ መደጋገም የምንረዳው በወንድምዎ ላይ የደረሰው የአንድ ጣቢያ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ትዕዛዙ በጣቢያው በር ላይ እንዴት እንደሚጠፋ በቅርብ መመልከት ይጠቅማል። ቤተሰቡ የዋስትናውን ገንዘብ በፍርድ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ያስይዛል፤ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ የችሎቱ ጸሐፊ ለጣቢያው የሚጻፈውን የመፍቻ ትዕዛዝ አዘጋጅቶ ማኅተም ያሳርፍበታል። ከዚያ ትዕዛዙ ጣቢያ ሲደርስ ሦስት መልሶች ይሰማሉ፦ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ትዕዛዙን እናጣራለን»፣ «ነገ ተመለሱ»። ሦስቱም በቃል የሚነገሩ ናቸው፤ አንዱም በወረቀት ላይ አይሰፍርም። ይህን የቃል መልስ ወደ ጽሑፍ መለወጥ የቤተሰቡና የጠበቃው ሥራ ነው። ትዕዛዙ በጣቢያው መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን እንዲሰጠው ይጠየቃል፤ በቀሪው ኮፒ ላይ የተረከበው ሰው ስሙን ጽፎ እንዲፈርም ይደረጋል። አልፈርምም ካለ፣ አብረው ከሄዱት ሁለት ሰዎች የእንቢታውን ሰዓትና የተናጋሪውን ስም ወይም የደረት ቁጥር ጽፈው ይፈርማሉ፤ በዚያው ቀን ካልሆነም በማግስቱ ጠዋት ወደ ትዕዛዝ ሰጪው ችሎት በማመልከቻ ይቀርባል። የሚጠየቀውም ግልጽ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ በአካል ቀርቦ ትዕዛዙን ያልፈጸመበትን ምክንያት እንዲያስረዳ፣ ካልቀረበም ታስሮ እንዲቀርብ። ዳኞቻችን ይህን ትዕዛዝ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ በስሙ የተጠራ አዛዥና «ለሚመለከተው» ተብሎ የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ለትዕዛዝ የሚያሳዩት አክብሮት እኩል አለመሆኑንም በሥራው ላይ ያለ ጠበቃ ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድምዎ አሁን ውጭ ስለሆነ የሚቀጥለው ለእሱ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ይህን መልስ የሚያነቡና ዘመዳቸው አሁንም የታሰረባቸው ሰዎች ስለሚኖሩ ልጥቀሰው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 አካልን ነፃ ስለማውጣት ይደነግጋል። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል፤ ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊምልለት ይችላል። በቃለ መሐላው ውስጥ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘውና ይህን የሚያውቁት ምስክሮች እነማን እንደሆኑ መገለጽ አለበት። ፍርድ ቤቱም ሳይዘገይ መጥሪያ አውጥቶ ያሳሪውን አካል ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። አሁንም እንደሚያዩት ሕጉ የሚጠይቀው ስምና ቀን ነው። ብዙ አቤቱታዎች የሚወድቁት ፖሊስ «እኛ ዘንድ የለም» ሲል አቤት ባዩ ዘመዱን በዓይኑ ያየበትን ቀን፣ ወይም ምግብ የተቀበለውን ሰው መጥቀስ ሲያቅተው ነው።

ሦስተኛው ጥፋት «ሌላ ቦታ ይፈለጋል» የተባለው ነው። አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሊጠረጠር መቻሉ አይካድም። ይሁን እንጂ ሁለተኛው መያዝ ራሱን የቻለ መያዝ ነው፤ አዲስ ምክንያት ለተያዘው ሰው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ አዲስ የ48 ሰዓት ሰዓትም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል። ወንድምዎ በሁለተኛው ጣቢያ 11 ቀን ሲቆይ አንድም ጊዜ ፍርድ ቤት አለመቅረቡ፣ በመጨረሻም ያለ ክስ መለቀቁ፣ ሁለተኛው ጥርጣሬ የዳኛውን ትዕዛዝ ለማምለጫ የተፈጠረ መሆኑን ለመከራከር ጠንካራ መሠረት ነው። በአንድ ጣቢያና በሌላው መካከል ሰው ሲዘዋወር የርክክብ ደብዳቤ ይኖራል፤ ደብዳቤው ላይ ደግሞ የጠያቂውና የላኪው ፊርማ። ተጠያቂውን ለማግኘት ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ መነሻ አይኖርዎትም።

አሁን ወደ መንገዶቹ ልምጣ።

በወንጀል በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423፣ ሕግ ከሚያዘው ውጪ ወይም በሕግ የተደነገጉትን ሥርዓቶችና ጥንቃቄዎች ችላ በማለት ሌላውን ሰው የያዘ፣ ያሰረ ወይም በሌላ መንገድ ነፃነቱን ያሳጣ የመንግሥት ሠራተኛን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ወንድምዎ ተመትቶ፣ ዛቻ ደርሶበት ወይም ቃል እንዲሰጥ ተገድዶ ከሆነ አንቀጽ 424 ይታከላል፤ በዚህ አንቀጽ ድርጊቱን እንዲፈጸም ያዘዘው ባለሥልጣን ቅጣት ከፈጻሚው ከፍ ብሎ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። የበታቹን ልኮ እጁን መሰብሰብ የሚፈልግ አዛዥ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ድንጋጌ ነው። በዚህ ረገድ ሕጋችን ያለበት ጉድለት፣ ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የጸረ ማሰቃየት ስምምነት አጽድቃ ሳለ ማሰቃየትን በስምምነቱ ትርጓሜ መሠረት ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋ አለመደንገጓ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ማሰቃየት፣ ያለ ፍርድ መግደልና ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ሲደነግግ፣ ዝርዝሩን የሚያሟላው የወንጀል ሕግ ግን አሁንም በ424 ላይ ተንጠልጥሏል።

የወንጀሉ መንገድ ችግር አንቀጹ ላይ አይደለም። በፖሊስ ላይ የሚቀርበውን ጥቆማ የሚመረምረው ራሱ ፖሊስ ነው፤ ምስክር የሚሆነውም የተጠርጣሪው የሥራ ባልደረባ ነው። ስለዚህ አቤቱታውን ለጣቢያው ሳይሆን በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል፤ ዐቃቤ ሕግ በሕግ የተሰጠው ሥራ ከመክሰስ አልፎ በፖሊስ ጣቢያና በማረሚያ ቤት ያሉ ሰዎችን አያያዝ መጎብኘትንና ያለ አግባብ የተፈጸመውን ማረምንም ይጨምራልና። አልከስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 44 መሠረት ውሳኔው በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲመሠረት ለፍርድ ቤት ማመልከት የሚቻልበት በር አለ። በቃል የተነገረ «አይሆንም» ላይ ግን ይግባኝ የለም።

የካሳው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ለእርስዎ ግን ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ መንግሥትንም ጭምር መክሰስ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ሲያበቃ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም። እዚህ ላይ ብዙ ከሳሾች የሚሳሳቱበት ወጥመድ አለ። ከሳሹ በቁጭት ተነሣሥቶ ፖሊሱ በቂም፣ በክፋት፣ ለግል ጥቅሙ እንዳደረገው ባብራራ ቁጥር፣ ሳያውቀው ጥፋቱን የግል እያደረገው፣ መንግሥትንም ከክሱ እያወጣው ይሄዳል። በመጨረሻም የሚቀረው ከአንድ ሳጅን ደመወዝ የሚቆረጥ ካሳ ነው። ቁጥር 2127 ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ለመንግሥት ጥቅም እንደሠራ በቅን ልቦና ያመነ ከሆነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት እንደሚሆን፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠም ቅን ልቦና እንዳለው እንደሚገመት ይደነግጋል። ይህ ግምት ለተበዳዩ ይጠቅማል። ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ ጣቢያው እንደ ተቋም ያልፈጸመውን ግዴታ መነሻ አድርጎ፣ ፖሊሶቹንና ተቋሙን በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ለሙሉው ካሳ እንዲጠየቁ፣ መክሰስ ይሻላል። ከወንጀል አቤቱታው ጋር ያለውን ግንኙነትም ጠበቃው አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ በወንጀሉ መዝገብ ሆን ተብሎ እንደተፈጸመ የምንከራከርበትን ድርጊት በፍትሐ ብሔሩ መዝገብ እንዴት እንደምንገልጸው መጠንቀቅ ይኖርብናል።

በካሳው መጠን በኩል አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የጠበቃ ክፍያ፣ የመመላለሻ ወጪ የመሳሰለው የደረሰው ጉዳት በሙሉ በማስረጃ ይጠየቃል። ለደረሰው የሞራል ጉዳት ግን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈረድ ከልክሏል። ይህ ጣሪያ ሕጉ በወጣበት ዘመን ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለ17 ቀን ሕገ ወጥ እሥራት ይህን መፍረድ ለተበዳዩ ሁለተኛ ስድብ ይሆናል። የወንድምዎን 6 ቀን ከ11ዱ ጋር ስደምር ነው 17 ያልኩት፤ ከ6ቱ ሁለቱ ሕጋዊ እንደነበሩ ተከራካሪው ወገን ያነሣልና 15 ቀን ብለው ቢጀምሩ ክርክሩ ይጠነክራል። ይህን ድንጋጌ ማሻሻል ለሕግ አውጪው ብዙ የሚያደክም ሥራ አይደለም፤ አለመሻሻሉም በዜጋ ነፃነት ላይ ያስቀመጥነው ዋጋ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይናገራል።

የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አሉ። ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ከተሻሻለ ወዲህ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የእሥር ቦታዎችን መጎብኘት ይችላል። ምክረ ሐሳቡ እንደ ፍርድ አይፈጸምም፤ ይሁን እንጂ በጊዜው የቀረበ አቤቱታ በገለልተኛ ተቋም መዝገብ ላይ ቀን ይዞ ስለሚቀመጥ ኋላ ለፍርድ ቤት ክርክር ዋጋ አለው።

ጠያቂዋ «በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ቢሆንስ?» የሚል ሐረግ በጥያቄያቸው ጫፍ ላይ አስፍረዋል። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. በታወጁት አዋጆች ጊዜ የ48 ሰዓቱ ሥርዓት በሰፊው ተገድቦ ነበር። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሊገደቡ የማይችሉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አንዱ ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ የማድረግ፣ የታሰሩበትንም ምክንያት የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በጭንቅ ጊዜም እንኳ ያልተወው ግዴታ ስምን በጽሑፍ ይፋ ማድረግ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወረቀት ላይ እንዲህ የማተኩረው ከራሳችን ታሪክ ተነሥቼ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ሲከስ ከምስክሮቹ ቃል ጎን ለጎን ያቆመው የገዛ ቢሯቸውን ሰነድ ነው፤ የእሥርና የግድያ ውሳኔዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ ፊርማ ያረፈባቸው ደብዳቤዎች። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ሲሰጥ ብዙዎቹ ተከሳሾች የተረቱት በፊርማቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየነው ደግሞ ሌላ ነው። ዓለም በቃኝ የተባለው እሥር ቤት ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመ፤ ማዕከላዊ የተባለው የፖሊስ ምርመራ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት ፊት መንግሥት ዜጎችን ያሰቃይ እንደነበር አመኑ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በአዲስ አበባ ብቻ 7 ድብቅ እሥር ቤቶች እንደነበሩ ለሕዝብ ገለጹ። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ አላሳንሳቸውም። ነገር ግን ድብቅ እሥር ቤት ማለት የገቢ መዝገብ የሌለው እሥር ቤት ማለት ነው፤ መዝገብ በሌለበት ቦታ ለተፈጸመው በደል ሕንፃው ሲዘጋ እንኳ ማን እንደፈጸመው ማረጋገጥ እጅግ አዳጋች ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በተግባር የሚፈተነው በዚሁ ይመስለኛል፤ ተበዳዩ ስሙን ይዞ ሲመጣ የበዳዩን ስም የሚያሳይ መዝገብ ይገኛል ወይ በሚለው።

አቤት ማለት አደጋ የለውም ብዬ አልመክርዎትም። የወንድምዎ የምርመራ መዝገብ ተዘግቶ ከሆነ የተዘጋበትን ደብዳቤ አስቀድመው ያግኙ፤ ካልተዘጋ በመጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን እንዲዘጋና የዋስትናው ገንዘብ እንዲመለስ በማመልከት ይጀምሩ፤ በፖሊሶቹ ላይ የሚቀርበው ክስ ቀጥሎ ይምጣ። ወንድምዎ ራሱ ካልፈለገ ደግሞ ማንም ሊያስገድደው አይገባም፤ የታሰረው እሱ ነውና ውሳኔውም የእሱ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለ በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይረዳሉ፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰውም ያለ ክፍያ ክስ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

አሁኑኑ ሊደረግ የሚገባው ግን መሰብሰብ ነው። ከችሎቱ የሁለቱን ቀጠሮዎችና የዋስትናውን ትዕዛዝ ግልባጭ፣ ከሒሳብ ክፍሉ የዋስትናውን ደረሰኝ፣ ከአሠሪው የቀረበትን ቀናትና ያልተከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጡ። ለሁለቱም ጣቢያዎች ወንድምዎ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የርክክቡም ደብዳቤ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ ባይሰጡ እንኳ የጠየቁበት ኮፒ ገቢ ቁጥር ይዞ ይቀመጥልዎ። ትዕዛዙን ወደ ጣቢያው ይዘው የሄዱት ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ቀኑን ሳይረሱ እያንዳንዳቸው ጽፈው ይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ረጅሙ ጊዜ እንደሚሠራ መከራከር ቢቻልም በዚህ ተማምነው አይዘግዩ። 2 ዓመቱንም ከተፈታበት ሳይሆን ከተያዘበት ቀን አንሥተው ይቁጠሩ፤ ክሱም ከዚያ ቀን በፊት መዝገብ ተከፍቶለት ይገኝ።